ዕጣ ከወጣ በኋላም ዕቁብ ይጣላል

እስቲ ዛሬ ጠብ ልጀምር። የምጣላው ከሁለት ዓይነት ሰዎች ጋር ነው።

አንደኞቹ “ድሮ ቀረ” ባዮች ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ሙዚቀኛ በሃያዎቹ ዕድሜው ጥሩ አልበም ከሠራ፣ አርባ ሲሞላው የሚያወጣውን ሁሉ በዚያ በአንዱ ይለኩበታል። ሁለተኞቹ “አርጅተዋል፣ ይረፉ” ባዮች ናቸው። ለነሱ ሙዚቃ የወጣት ሥራ ነው። ሽበት ያለው ሰው ጊታር ሲያነግት እነሱ ያፍሩለታል። ሁለቱ ሲከራከሩ ስታዩአቸው ጠላት ይመስሏችኋል። ኧረ ተዉ! ሁለቱም ሰው ወጣትነቱ ካለፈ በኋላ የሚናገረው የረባ ነገር የለውም ብለው ያምናሉ። ልዩነታቸው አንዱ እያለቀሰ፣ ሌላው እየሳቀ ማመኑ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አሁን ቶሮንቶ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ የክፍሌ ልጅ አንድ አልበም በቴሌግራም ላከችልኝ። “ይሄን ስሚና እኛን አስቢ” ትላለች። ሌላ ማብራሪያ የለም። አልበሙ “ሃግ ኦፍ ተንደር” ይባላል፤ የነጎድጓድ እቅፍ እንደማለት። የወጣው በጁላይ 2017 ነው፤ ሠሪዎቹ “ብሮክን ሶሻል ሲን” የሚባሉ የቶሮንቶ ሰዎች ናቸው። ሰማሁት። ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ አለቀስኩ (አትሳቁ!)።

ከዚያ “ሙዚቃ እናውቃለን” ለሚሉ ሁለት ወዳጆቼ ማኪያቶ እየጠጣን ነገርኳቸው። አንደኛው “ዋናውን፣ የ2002ቱን ሳትሰሚ እንዴት ስለዚህ ታወሪያለሽ? ይሄ እኮ የዚያ ጥላ ነው” አለኝ። ሌላኛው ከስልኬ ላይ ግማሽ ዘፈን ሰምቶ “በስሏል፤ ግን የአባቶች ሮክ ነው” ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። “በስሏል” ያለው እንደ ስድብ ነው። ሽሮ ሲሆን መብሰል ሙያ ነው። ሙዚቃ ሲሆን ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

በቃ፣ ያኔ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ወሰንኩ።

እንግዲህ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ “በ2002ማ እኔም ትልቅ ልጅ ነበርኩ” እንዳትሉኝ።) ቶሮንቶ ሲባል የኛ ትውልድ ቶሎ የሚመጣለት አቤል ተስፋዬ ነው፤ ዘ ዊክንድ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1990 እዚያው የተወለደ ልጅ ዓለምን ሲያዘፍን ብንኮራ አይፈረድብንም። ከተማዋ ግን አቤል ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1999፣ ሌላ ነገር ጀምራ ነበር። ኬቨን ድሩ እና ብሬንዳን ካኒንግ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ብሮክን ሶሻል ሲንን መሠረቱ። በ2001 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ዘፈን እምብዛም የሌለበት፣ በቀስታ የሚፈስ የመሣሪያ ሙዚቃ ነበር። ያንን ይዞ ለሁለት መድረክ መሙላት ስለማይቻል ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ጓደኞቻቸው ደግሞ ጓደኞቻቸውን ጠሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ መድረኩ በሰው ሞላ።

በ2002 “ዩ ፎርጎት ኢት ኢን ፒፕል” የሚለውን አልበም አወጡ። ወዳጄ “ዋናው” የሚለው ይህንን ነው። በቀጣዩ ዓመት በካናዳው ጁኖ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አማራጭ አልበም ተባለ። ኢንዲ ሮክ የሚባለው፣ ማለትም ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ጥላ ውጭ የሚሠራው ሙዚቃ፣ በዚያን ዘመን ቶሮንቶን በዓለም ካርታ ላይ ካስቀመጡለት ሥራዎች አንዱ ይሄ ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ይህን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም።

አሁን አባላቱን ተመልከቱ። ሌስሊ ፋይስት አለች፤ ዘፋኝ ናት፣ በራሷ ስም ትዘፍናለች። ኤሚሊ ሄይንስ አለች፤ “ሜትሪክ” የሚባል የራሷ ባንድ አላት። ኤሚ ሚላን አለች፤ እሷም “ስታርስ” የሚባል ባንድ አላት። ቻርልስ ስፒሪን አለ፤ እሱም ሌላ ባንድ አለው። ሁሉም የየራሱ ቤት ያለው ሰው ነው። ጊዜ ሲኖራቸው ግን ተሰብስበው ይሠራሉ። አንዳንዴ አስር፣ አንዳንዴ አስራ አምስት ሆነው።

ፈረንጆቹ ይህን “ኮሌክቲቭ” ይሉታል፤ ለማስረዳትም ብዙ ገጽ ያባክናሉ። እኛ ግን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ ዕቁብ ነው። አንዱ ጊታር ይጥላል፣ አንዷ ድምፅ፣ አንዱ ጥሩምባ፣ አንዱ ከበሮ። በየተራው ደግሞ ለአንዱ ዕጣ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ዘፈኑ የሱ ይሆናል፣ የቀሩት ከኋላ ያጅቡታል።

አሁን ልብ አድርጉ። ዕቁብ ላይ ሰው የሚፈተነው መቼ ነው? ዕጣው ሳይወጣለት አይደለም። ያልወጣለት ሰውማ በሰዓቱ ይገኛል፤ ገንዘቡ እዚያው ነዋ! የሚፈተነው ከወጣለት በኋላ ነው። ብሩን ኪሱ ካስገባ በኋላ በቀጣዩ እሁድ ይመጣል ወይስ ስልኩን ያጠፋል?

ለፋይስት ትልቁ ዕጣ የወጣው በ2007 ነው። “ዋን ቱ ስሪ ፎር” የሚለው ዘፈኗ የአፕል አይፖድ ናኖ ማስታወቂያ ላይ ገባና በአንድ ጊዜ ዓለም ሁሉ አወቃት። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው ሰው የድሮ ጓደኞቹን “እንዴት ናችሁ፣ እንገናኝ እንጂ” እያለ በጨዋ ደንብ መርሳት ይችላል። እሷ ግን ከአስር ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ የአልበሙ መጠሪያ የሆነውን ዘፈን ራሷ ዘፈነችው። ሄይንስም መጣች፤ “ፕሮቴስት ሶንግ” የሚለውን ዘፈነች። ሚላንም መጣች። ዕቁባቸውን ወስደው የጨረሱ ሰዎች፣ መጣል የማይገደዱ ሰዎች፣ ተመልሰው ጣሉ። ወዳጄ “ጥላ ነው” ያለኝ ይሄንን ነው።

“ለገንዘብ ነው የተመለሱት” የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ ናፍቆት የሚሸጥበት ዘመን ላይ ነን። በ2022 ላስ ቬጋስ ውስጥ “ልጅ ሳለን” የሚል ትርጉም ያለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ተዘጋጅቶ ነበር፤ የ2000ዎቹን ባንዶች በአንድ ቀን ደርድሮ ሕዝቡ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ እንዲጮህ። ከዚያ የሚፈለገው ያው የድሮው ዘፈን በድሮው መንገድ ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር እንጫወት ቢሉ ሰዉ ወደ መጠጡ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነቱን ናፍቆት እኔም እጠላዋለሁ።

የነዚህ ሰዎች መመለስ ግን ከዚያ ይለያል። በ2010 “ፎርጊቭነስ ሮክ ሪከርድ” የሚለውን አልበም አውጥተው፣ ትንሽ ዞረው፣ ተበትነው ነበር። በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ውስጥ ባታክላን በተባለው አዳራሽ ሙዚቃ ሊሰሙ የገቡ 90 ሰዎች ተገደሉ። ኬቨን ድሩ በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች እንደተናገረው፣ እንደገና ለመሰባሰብ የገፋፋው ያ ነው። ሰው ሙዚቃ ለመስማት መሰብሰብን ፈርቶ ቤቱ እንዳይቀር።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት፣ በሜይ 22 ቀን 2017፣ እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ላይ በአንድ ኮንሰርት መውጫ ቦምብ ፈንድቶ 22 ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱ መካከል ልጆችና ታዳጊዎች ነበሩ። ብሮክን ሶሻል ሲን በማግስቱ እዚያችው ከተማ ውስጥ ዝግጅት ነበራቸው። አልሰረዙትም። የማንቸስተር ልጅ የሆነው የዘ ስሚዝስ ጊታሪስት ጆኒ ማር መድረክ ላይ ወጥቶ አብሯቸው ተጫወተ። የተጫወቱት ያንን የ2002ቱን፣ ስለ አስራ ሰባት ዓመት ልጅ የሚያወራውን “አንተምስ ፎር ኤ ሰቨንቲን ይር ኦልድ ገርል” ነበር። ባለፈው ምሽት ልጆች በሞቱባት ከተማ ይህ ዘፈን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የድሮው ዘፈን ነው፤ ግን አዲስ ሥራ ተሰጠው። ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ሥራ አይሰጠውም።

ስለዚህ ዘፈን አንድ ነገር ልጨምር፤ “ድሮ ቀረ” ባዩ ወዳጄ ይህችን ቢሰማልኝ ደስ ይለኛል። በ2002 ያንን ዘፈን የዘፈነችው ኤሚሊ ሄይንስ ስንት ዓመቷ ነበር? ሃያ ስምንት። ካኒንግ ያኔ ሠላሳን አልፏል። እናንተ የወጣትነት ማኅተም አድርጋችሁ የምትሳለሙት ዘፈን ራሱ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ የትልቅ ሰው ዘፈን ነው! በባንጆ ታጅባ፣ ድምፅዋ እንዲቀጥን ተደርጎ፣ ያለፈችውን ልጅ እየጠራች ናት። ናፍቆቱ በ2017 አልተጀመረም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር። እናንተ ወጣት ስለነበራችሁ አልታያችሁም እንጂ።

አሁን ወደ ተጣላንበት አልበም። የሚከፈተው በአጭር ዝምታ በሚመስል ዜማ ነው፤ ወዲያው “ሃፍዌይ ሆም” የሚለው ዘፈን ይነሳል። ከበሮ፣ ጥሩምባ፣ ጊታር፣ ከዚያ የማን የማን እንደሆነ የማይለይ ብዙ ድምፅ በአንድ ላይ። የርዕሱን ትርጉም አስተውሉ፤ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ። አልደረስንም፣ መሄዳችንንም አላቆምንም። አርባ ዓመት ማለት እሱ አይደል?

ፋይስት የምትዘፍነው መጠሪያው ዘፈን ግን ሌላ ነው። በዝግታ፣ እየተናገረች በሚመስል ድምፅ የወጣትነት ጊዜ ትዝታ ትነግረናለች፤ ከኋላዋ ቤዝ ጊታሩ እንደ ልብ ምት ይመታል። ለረጅም ጊዜ አትጮህም። ከዚያ አዝማቹ ይመጣና ሌሎቹ ይቀላቀሏታል፤ ለብቻዋ ስታስታውስ የነበረው የሁሉም ይሆናል። እዚህ ላይ ነው እኔ ያለቀስኩት። ያስለቀሰኝ የሷ ትዝታ አልነበረም፤ ትዝታዋን ተቀብለው አብረው የሚሸከሙላት ሰዎች መኖራቸው ነው።

“ጎና ጌት ቤተር” የሚለውንስ ማን ዘፈነው? ኤሪየል ኤንግል። እሷ ከ2002ቱ ሰዎች ውስጥ አልነበረችም፤ አዲስ ገቢ ናት። “ነገሩ ይሻሻላል” የሚለውን ዘፈን ለአዲሷ ሰው ሰጧት! ትዝታውን ብቻ ሊሸጥ የመጣ ቡድን እንዲህ አያደርግም፤ ሰው የሚያውቃቸውን ፊቶች ከፊት አሰልፎ ይቆማል። እነዚህ ግን ለአዲሷ ዕቁብተኛ በመጀመሪያው ዙር ዕጣ አወጡላት።

እንከን የለውም አልልም። ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ይረዝማል። አንዳንዱ ዘፈን ላይ ሰው ሁሉ ካልገባሁ ብሎ የሠርግ ቤት በር ይመስላል። አንድ ሁለቱን ባወጡት አልከፋም ነበር። ዕቁብ ላይ እንኳ “ዛሬ አንተ ዝም በል” የሚል ዳኛ ያስፈልጋል።

ግን በዚያው ወር፣ በጁላይ 2017፣ ሌላው ስመ ጥር የካናዳ ቡድን፣ የሞንትሪያሉ አርኬድ ፋየር፣ “ኤቭሪቲንግ ናው” የሚል አልበም አውጥቶ ነበር። በዘመኑ የኢንተርኔት ሱስ ላይ እያሾፈ፣ በዲስኮ ምት እየጨፈረ፣ “እኛም እኮ ገብቶናል፣ ዘመኑ አላለፈንም” የሚል አልበም። ብዙ ተቺዎች አልወደዱትም፤ እኔም ደክሞኝ ነው የጨረስኩት። ዘመኑን ለመምሰል መሯሯጥና ዕድሜን ተቀብሎ መሥራት ልዩነታቸው የታየበት ወር ነበር። “አርጅተዋል” ባዩ ወዳጄ፣ ንገረኝ እስቲ፤ የቱ ነው የሚያሳፍረው? አርባ ዓመት ሞልቶት እንደ አርባ ዓመት ሰው የሚዘፍነው ወይስ ሃያ ለመምሰል የሚያልበው?

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ያንገበግበኛል? አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ለቶሮንቶ ሰዎች ጠበቃ ያደረገኝ ምንድነው? እውነቱን ላውጣው።

ጋዜጠኝነት ስንማር አምስት ነበርን። የመመረቂያ ዓመታችን ላይ መጽሔት ልንጀምር ተማማልን። ስም አወጣንለት። የሙከራ ቅጂ አዘጋጅተን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን ሠላሳ አባዛን፣ በስቴፕለር መታነው፣ ለክፍል ልጆች አደልን። አዘጋጇ እኔ ነበርኩ። ተመረቅን። ከዚያ አንዷ ቶሮንቶ ገባች፣ አንዱ ዱባይ፣ አንዱ የአንድ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ሆነ፣ አንዷ አገባችና ሐዋሳ ሄደች። የቀረነው የቴሌግራም ግሩፕ ነው።

ግሩፑ ላይ ምን እናደርጋለን መሰላችሁ? ፎቶ እንልካለን። የግቢ ፎቶ፣ የላውንጅ ፎቶ፣ ጋዋን ለብሰን የተነሳነው ፎቶ። “ያ ጊዜ!” ይላል አንዱ። የሚያለቅስ ፊት ይከተላል። “መጽሔታችንስ!” ትላለች አንዷ። አምስት የሚያለቅስ ፊት። ከዚያ ዝም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ፎቶ። ሁላችንም ገና ሠላሳ አልሞላንም፤ እንደ ጡረተኛ ግን እናወራለን። ማንም፣ እኔ አዘጋጇን ጨምሮ፣ “እስቲ ሁለተኛውን ቁጥር እንሥራ” ብሎ አያውቅም። ለምን? የመጀመሪያው በትዝታችን ውስጥ በጣም አምሮብናል። ሁለተኛው ቢበላሽስ? ያ የምንወደው ጊዜ ውሸት ሆኖ ቢገኝስ?

“ድሮ ቀረ” ባዮች ላይ የተቆጣሁት ለዚህ ነው። እነሱን ስሰማ ራሴን ሰማሁ። ናፍቆት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፎቶ ይልክና ይተኛል። ሁለተኛው ይደውላል፣ “እሁድ ና፣ መሣሪያህንም ያዝ” ይላል፣ የሚመጣው ከድሮው ሊያንስ እንደሚችል እያወቀ። በ2025 ሌሎች ሙዚቀኞች ተሰብስበው የ2002ቱን አልበም ዘፈኖች እንደገና ተጫውተው በክብር አሳትመውታል፤ ይገባዋል። ለ2017ቱ ግን ማንም ሐውልት አላቆመለትም። ለኔ ግን ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ደውሎ መሰባሰብን ያስተማረኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ሌላውን መስደብ ቀላል ነውና ራሴን ልጨርስ። ባለፈው ሐሙስ ማታ ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ፎቶ ይቁም። በሁለት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ገጽ። ቁጥር ሁለት።” የቶሮንቶዋ ወዲያው “እኔ አለሁ” አለች፤ ዕጣ የወጣላት እሷ ናት፣ መጀመሪያ የጣለችውም እሷ ሆነች። የሐዋሳዋ “ልጅ ሲተኛ እጽፋለሁ” አለች። የዱባዩ አንብቦ ዝም ብሏል። የሕዝብ ግንኙነቱ የሚያለቅስ ፊት ላከ።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፣ ፊቱን ተወውና ገጹን ላክ። እየጠበቅንህ ነው።

ቸር እንሰንብት።